የአንዳርጌ ሹራብ

በአንድ ወቅት፣ ተማሪ ሁሉ የገዛ ቤቱን ጓዳ ካልቀረፀ በማይመረቅበት አንድ የጥበብ ኮሌጅ፣ ምንታምር የምትባል የፊልም ተማሪ ነበረች። መምህሯ «ከራሳችሁ ሕይወት ቆርሳችሁ አምጡ፤ ታሪክ ባይኖረውም ግድ የለኝም» ስላሉ፣ እናቷ ወይዘሮ የሺመቤት ለወንድማቸው ለአንዳርጌ ሹራብ ሲሠሩ መቅረፅ ጀመረች። አንዳርጌ ደሴ ከተማ ታሞ ተኝቷል፤ እሳቸውም ብርድ ሳይመታው ልድረስለት ብለው ተጣድፈዋል።

አንድ ቀን አክስቷ ደብሪቱ ምንታምርን ወደ በሩ ጠርታ ሹክ አለቻት።

«አንዳርጌ አርፏል። ቅዳሜ ጠዋት ዘመድ ተሰብስቦ እስኪያረዳት አፍሽን ያዢ።»

እንባዋን ውጣ ስትመለስ እናቷ እጅጌውን ጀምረዋል።

«ምነው ፊትሽ?»

«ራሴን አሞኝ ነው፣ እማዬ።»

መቅረፁ አስጠላት፤ ካሜራውን ብታጠፋው ደግሞ ይጠረጥራሉ ብላ ፈራች። ስለዚህ በየቀኑ ቀረፀች። ከጭንቀቷ ብዛት ግን አንድ ነገር ዘነጋች። ድምፅ የምትቀዳባት ትንሿ ማይክ ኮሌታዋ ላይ እንደተሰካች ነበረች፤ የደብሪቱ ሹክሹክታ አንድም ሳይቀር ተቀድቷል።

ቅዳሜ ጠዋት ዘመድ ነጠላውን አዘቅዝቆ ገባ። ምንታምር ካሜራውን ጥላ እናቷን ልታቅፍ ሮጠች። «አብሬሽ ልሁን» ብሎ የመጣው የክፍል ጓደኛዋ ኪሩቤል ካሜራውን አነሳው። አንድ ሽማግሌ «ነውር አታውቅም?» ብለው ጮኹበት። እሱ ግን አላቆመም።

ምንታምር ያን ሁሉ ምስል መልሳ ማየት ስላቃታት እንድታቀናብረው ለሌላዋ ጓደኛዋ ለረድኤት ሰጠቻት። ረድኤት ለቅሶውን ቆርጣ አወጣችው። መግቢያው ላይ ሹክሹክታውን አስገባች፣ ከዚያ ሹራብ የሚሠሩትን እጆች ብቻ አስከተለች፤ መዝጊያው ኪሩቤል የቀረፀው ሆነ፦ ሹራቡ ከወይዘሮ የሺመቤት ጉልበት ሲወድቅ።

መምህሩ ፊልሙን አይተው የባለቤት ስም የሚሞላበትን ወረቀት አወጡ።

«ባለቤቱ አንድ ሰው ነው» አሉ። «ፊልሙ ይታይ አይታይ የሚለውን ስሙ የሚጻፈው ሰው ይወስን።»

«ይታይ!» አለች ረድኤት። «እኔ ሳልነካው የምስል ክምር ነበር። ሹክሹክታው ተቆርጦ ከወጣ ደግሞ ፊልም የለም።»

«መዝጊያውን ስድብ ጠጥቼ ነው ያመጣሁት» አለ ኪሩቤል። «ባለቤቱ እኔ ከሆንኩ ግን ወይዘሮ የሺመቤትን ሳንጠይቅ አይታይም።»

«እናቴ ናት እኮ!» አለች ምንታምር። «መጠየቅ መንገር አይደለም እንዴ? መሞቱን እያወቅሁ እንደቀረፅኳት ታውቃለች!»

እውነቷን ነው። መርዶ መደበቁስ ወግ ነው፤ እናቷም ለስንት ጎረቤት ደብቀዋል። ካሜራ ደቅኖ መደበቅን ግን ማን ወግ አደረገው? የቀረፀችው እሷ ናት፤ ፊልሙን ለማስቀረት የሚቃጣትም እሷው።

ገና ሲከራከሩ የማሳያው ቀን ደረሰ። ወይዘሮ የሺመቤት ጥቁር ለብሰው፣ አንድ እጅጌ የጎደለውን ሹራብ በፌስታል ይዘው የፊተኛው ወንበር ላይ ተቀመጡ።

«ምንታምርዬ፣ ፊልምሽ ውስጥ ይኼ ሹራብ አለበት አሉኝ» አሉ። «እስቲ ልየው።»

ምንታምር ወደ መምህሩ ዞረች። መምህሩ እስክሪብቶ ይዘው «የማንን ስም ልጻፍ?» አሉ።

እናንተ የሰማችሁ ፍረዱ እንግዲህ፦ ፊልሙ የማን ነው?