ወይራው ለሽጉጡ አልታዘዝም ያለበት ተረት

ቀረብ በሉ፤ ዛፍ ሲናገር ብረት ይመልስ በነበረበት ዘመን የሆነውን ልንገራችሁ።

ጓንጉል የሚባል ባለ ሽጉጥ ነበረ። ቢያድግልኝ የሚባል ገበሬ መሬቴን አልለቅም ስላለው፣ ከወይራ ዛፍ ሥር ዐረፍ ባለበት ተኩሶ ገደለው። በዚያው ተኩስ የሽጉጡ የቀንድ እጀታ ተሰነጠቀ። አገሩ ሁሉ አየ፤ ማንም ግን ፈርቶ አልተናገረም።

ጓንጉል አብተው የሚባለውን እንጨት ጠራቢ አስከትሎ አዲስ እጀታ ፍለጋ ወጣ። ሽጉጡ መጀመሪያ ዋንዛን ጠየቀ።

«እጀታ ትሆነኛለህ?»

«እኔ ለስላሳ ነኝ፤ ለከበሮ እንጂ ለአንተ አልሆንም» አለ ዋንዛ።

ቀጥሎ ጽድን ጠየቀ።

«እኔ የቤት ምሰሶ ነኝ። ስትተኩስ እሰነጠቃለሁ» አለ ጽድ።

በመጨረሻ ወይራው ዘንድ ደረሰ። «አንተ ጠንካራ ነህ፤ በላብም አታንሸራትትም። አንተ ትሆነኛለህ።»

ወይራው ከሥሩ ጀምሮ ተንቀጠቀጠ። «የቢያድግልኝን ደም የጠጣው የእኔ ሥር ነው። አሁን ደግሞ እጀታ ሁነኝ ትለኛለህ?»

«የገደለው ጓንጉል ነው፤ እኔ ብረት ነኝ።»

«ማረሻም ብረት ነው» አለ ወይራው። «እሱ ግን ሰው አልገደለም።»

ጓንጉል ደሙ ፈላ። «እንጨት ሊሰድበኝ ነው? ቁረጠው» አለ።

«ጌታዬ፣ እርጥብ ወይራ ሲደርቅ ይጣመማል። ተቆርጦ ዓመት ጥላ ውስጥ ይቆይ» አለ አብተው።

«አልጠብቅም። አዝመራው ሳይሰበሰብ የዚያን ሰው ሚስት ከመሬቱ አስነሳታለሁ።»

አብተው ፈራና ቆረጠ፤ እርጥቡን ጠርቦ በብሎን አሰረው። ክረምቱ ወጥቶ ፀሐይ ሲበረታ እጀታው ደረቀ፤ ከብረቱም እየሸሸ ተጣመመ።

«አጥብቀህ ያዘኝ» አለው ሽጉጡ።

«አልይዝህም» አለ ወይራው።

አጨዳ ደረሰ። የቢያድግልኝ ሚስት አንጓች ከደቦ አጫጆቿ ጋር ማሳው ላይ ሳለች ጓንጉል አብተውን አስከትሎ መጣ።

«ዛሬ ትነሻለሽ።»

«ባሌን ገድለሃል። እኔ ከዚህ ንቅንቅ አልልም» አለችው።

ሽጉጡን መዞ ሲተኩስ እጀታው ከብረቱ ተገነጠለ። ጥይቱ አፈር ውስጥ ገባ፤ ሽጉጡም ከእጁ ወደቀ። አጫጆቹ ተረባርበው ጓንጉልን በመጫኛ አሰሩት።

ሽጉጡ ከአንጓች እግር ሥር ሆኖ ተናገረ። «አንሺኝ። ጥይት አልጨረስኩም። ባልሽን አስቢው።»

አነሳችው። ጓንጉል ፊቱ አመድ መሰለ።

«ባሌን አንተ አታስታውሰኝም» አለችው ሽጉጡን። አብተውን ጥይቱን አስወጣችውና ብረቱን ድንጋይ ላይ አድርጋ በአብተው መጥረቢያ ጀርባ ቀጠቀጠችው። ሽጉጡ ለመናት፤ አልሰማችውም። ድምፁ እስኪጠፋ ድረስ ቀጠቀጠችው።

ከዚያ ወደ አጫጆቹ ዞረች። «እናንተም ባሌ ሲገደል አይታችሁ ዝም አላችሁ። አብተው፣ አንተም እያወቅህ እጀታ ጠረብክለት። አሁን ዳኛ ፊት ትናገራላችሁ ወይስ ዛሬም ትፈራላችሁ?»

አብተው አንገቱን ደፋ። «እኔ አስቀድሜ እናገራለሁ» አለ። ሁሉም ሄደው ያዩትን ተናገሩ፤ በጓንጉልም ላይ ተፈረደበት።

ተረቴ እዚህ ላይ አበቃ። እናንተ ግን ይህን ያዙ፦ ገዳይ ለመሣሪያው የሚመች እንጨት ሲያማርጥ ካያችሁት፣ የእንጨቱን ሳይሆን የተገደለውን ሰው ስም አንሡ።