በሰው እጅ የተጻፈ ደብዳቤ

አንድ ሊቅ ነበሩ፤ የኔታ ኅሩይ ይባላሉ። የአንዲት ፊደል መጉደል እንቅልፍ የሚነሳቸው ሰው ነበሩ። ታዲያ አንድ ቀን ሁለት የብራና መጻሕፍት ሲያመሳክሩ፣ በአንደኛው «እግዚአብሔር ተቆጣ» የሚለው ቃል በሌላኛው «እግዚአብሔር ራራ» ሆኖ አገኙት። ቢያገላብጡ፣ ቢጠይቁ፣ የትኛው እውነተኛ እንደሆነ የሚነግራቸው ጠፋ። ከዚያ ወዲህ ማስተማሩን ባይተዉም፣ ቃሉን በእርግጥ እግዚአብሔር ማስጻፉን ተጠራጠሩና ጸሎት ከአፋቸው አልወጣ አለ። ሦስት ዓመት ሙሉ እንዲህ ሆኑ። ለማን ይናገሩታል? ከልጅነታቸው ጀምሮ ያዋሩት የነበረውን አምላክ ክፉኛ ናፈቁት።

አንድ ጠዋት ጎረቤታቸው እማማ ደብሪቱ ደብዳቤ ይዘው መጡ። አንድ ልጃቸው ለሰሊጥ አጨዳ ወደ ቆላ ከወረደ ሰባት ዓመቱ ነው። በእነዚህ ሁሉ ዓመታት የደረሳቸው ሦስት ደብዳቤ ብቻ ሲሆን የዛሬው ሦስተኛው መሆኑ ነው። የኔታ አነበቡላቸው። ማመሳከር ልማዳቸው ነውና የቀድሞዎቹንም አስመጥተው ጎን ለጎን ዘረጓቸው።

«እናቴ፣ የማያስደስት ነገር ልናገር ነው» አሉ። «ሦስቱም የተለያየ ሰው እጅ ጽሑፍ ናቸው። አንዱ አጨዳ ላይ ነኝ ይላል፤ ሌላው ከብት እጠብቃለሁ ይላል። ይኸኛው ደግሞ ‹ክብርት እናቴ ሆይ› ብሎ ይጀምራል። ልጅዎ እንዲህ ብሎ ይጠራዎታል?»

«ኧረ የት አውቆት። እምዬ ነው የሚለኝ። መጻፍስ መቼ ያውቃል፣ የኔታ? አላስተማርኩትም። ያገኘውን ሰው ለምኖ ነው የሚያስጽፈው። ጸሐፊው ደግሞ እንደ መሰለው ያሳምረዋል።»

«ያስጻፈው እሱ መሆኑን በምን ያውቃሉ?»

«አላውቅም» አሉ እማማ ደብሪቱ። «አንዳንዴ ሞቶ ይሆን፣ ሰው አዝኖልኝ ይሆን የሚጽፍልኝ እያልኩ አለቅሳለሁ።»

«ታዲያ ለምን መልስ ይልካሉ?»

«እሱ ከሆነስ? በሰው አገር ሆኖ መልሴን ሲጠብቅ ዝም ልበለው? በሉ አሁን ይጻፉልኝ።»

የኔታ ብዕር አነሱ።

«ና ይበሉት። ድንገት ብትመጣ ብዬ በሩን አልቆልፍም ይበሉት» አሉ እማማ።

የኔታ ጽፈው ሲጨርሱ አነበቡላቸው፦ «ውድ ልጄ ሆይ፣ ደጃችን መምጣትህን በመጠባበቅ ዘወትር ክፍት ነው።»

እማማ ደብሪቱ ሳቁ። «እኔ እንዲህ አላልኩም። ግን ያልኩት ይህንኑ ነው። እሱ ያውቀኛል፤ ይሂድለት።»

ደብዳቤውን ይዘው ሲወጡ የኔታ ከተቀመጡበት አልተነሡም። ቃሉን የለወጡት ራሳቸው ናቸው፤ ደብዳቤው ግን የእማማ ደብሪቱ ነበር። ሁለቱን ብራናዎች አውጥተው ገለጧቸው። ልዩነቱ እንደነበረ ነው። አዲስ ማስረጃም አላገኙም። ያም ሆኖ በሦስት ዓመት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ አፋቸውን ከፍተው «ጌታዬ፣ ናፍቀኸኛል» አሉ። የመለሰላቸው ድምፅ አልነበረም። እሳቸው ግን አለቀሱ፤ ቀለልም አላቸው።

መመርመር ነውር አይደለም፤ የኔታም እስከ ዕለተ ሞታቸው ብራና ማመሳከሩን አልተዉም። ምርመራ ግን የሚያደርሰን እስከ ጻፈው እጅ ድረስ ነው። ያስጻፈውን የምንጠራው ልባችን ሲናፍቀው ነው፤ ያን ጊዜም እርግጠኞች አንሆንም። እናንተስ እርግጠኛ እስክሆን ብላችሁ ስንት ዓመት ዝም አላችሁት?