ቆፋሪው እና የእሑድ ስልክ

አንድ ጉድጓድ ቆፋሪ ነበረ። ቁጭ በል እንጂ፤ ቆመህ ልትሰማኝ ነው? ጥያቄህን ሰምቻለሁ። «የኔታ፣ የበደልኩት ሰው በዳዩ እኔ መሆኔን አያውቅም፤ አይጠረጥረኝምም። ንስሐ ገብቼ ለድሃ ብመጸውት አይበቃም ወይ? ለእሱ መንገር ምን ያደርጋል?» ነው ያልከኝ። መልሴ ይኸው ቆፋሪ ነው፤ ሳታቋርጠኝ ስማ።

ሰውዬው የውሃ ቧንቧ ቦይ እየቆፈረ ነበር የሚኖረው። ክፉ ሰው አይደለም፤ ክፉ ቢሆንማ ለአንተ አልነግርህም ነበር። አንድ ቀን ዶማው አንድ ጥቁር ገመድ አገኘ፤ ውፍረቱ የክንዴን ያህል። የስልክ ገመድ ነው፣ ውስጡ መዳብ። በጠራራ ፀሐይ ቆርጦ፣ ስቦ አወጣው። ቆፋሪ ሲቆፍር ማን ምን ይለዋል? እንዲያውም መንገደኛው «በርታ!» እያለው ያልፍ ነበር። ላስቲኩን አቃጠለ፣ መዳቡን ለብረታ ብረት ገዢ ሸጠ፣ ሲያፈስ የኖረውን ጣሪያውን አዲስ ቆርቆሮ አለበሰ። «የማንንም ኪስ አልነካሁ» ብሎ ቦዩን ደፈነ፤ በቃ።

በዚያ ሰፈር ስልክ የነበረው ሁለት ቤት ብቻ ነው። አንዱ ወፍጮ ቤቱ ነው፤ እሱ ከተዘጋ ከርሟል። ሌላው የቆፋሪው ጎረቤት ነው፤ ሚስቱ የሞተችበት፣ ብቻውን የሚኖር ጡረተኛ። ያኔ በኪስ የሚያዝ ስልክ አልነበረም። ጡረተኛው የትምወርቅ የምትባል አንዲት ልጅ አለችው፤ ሩቅ አገር ጤና ጣቢያ ትሠራለች። እሑድ እሑድ ከቅዳሴ መልስ ትደውልለታለች። ሳምንቱን ሙሉ ከሰው ጋር እንደ ልቡ የሚያወራው ያኔ ብቻ ነው ብልህ አልዋሸሁም። ስልኩን ዳንቴል አልብሶታል፤ የሰፈር ሰው እንዳይደውልበትም መደወያውን በትንሽዬ ቁልፍ ቆልፎታል።

ገመዱ ሊቆረጥ ጥቂት ቀን ሲቀረው፣ እሑድ ዕለት፣ አባትና ልጅ በስልክ ተጋጩ። «አባባ፣ ቤቱን ይሽጡና እኔ ጋ ይምጡ፤ ብቻዎን አይሁኑብኝ» አለችው። እሱን ደግሞ ምን እንደነካው እንጃ፣ «ሳልሞት ልትወርሺኝ ቸኮልሽ?» አላት። ዝም አለች። ዝም እንዳለች ስልኩ ተዘጋ።

በሚቀጥለው እሑድ ስልኩ አልጮኸም። በሌላውም አልጮኸም። ጡረተኛው «ተቀየመችኝ» አለ። ታዲያ አንስቶ አይሞክረውም ነበር ወይ ልትለኝ ነው። አላነሳውም! «ካነሳሁት መስመሩ ይያዛል፤ ልክ ያኔ ብትደውልስ?» ይላል። ሌላም ሰው እንዲነካው አይፈቅድም። እሑድ በመጣ ቁጥር ወንበሩን ወደ ስልኩ ስቦ ይቀመጣል፤ ምሳውንም እዚያው ይበላል። ስልኩ መሞቱን የሚያውቅ አንድ ሰው ብቻ ነበር። እሱም ቆፋሪው ነው፤ አጠገቡ ቁጭ ብሎ «አይዞህ፣ ትደውላለች» እያለ ያጽናናዋል።

ብዙ እሑዶች ካለፉ በኋላ ጡረተኛው ቆፋሪውን «ሽማግሌ ሆነህ ሂድልኝ፣ ከልጄ አስታርቀኝ» ብሎ ለመነው። አይ ሽማግሌ! ሄደ። የትምወርቅ ገና ስታየው አለቀሰች። «በየእሑዱ እደውላለሁ። ይጠራል፣ አያነሱም። አጠገቡ ተቀምጠው፣ እየሰሙ ጨከኑብኝ» አለችው። ገመዱ ተቆርጦም ለደዋዩ የሚጠራ ይመስላል እኮ፤ እሷ ይህን በምን ታውቃለች? «መጥቼ እግራቸው ላይ ልውደቅ?» ብላ ጠየቀችው።

«ስልኩ ተበላሽቷል» ቢላት በቂ ነበር። ሁለት ቃል! ነገር ግን ተበላሽቷል ካለ ጠጋኞች ይመጣሉ። ቆፍረው የተቆረጠውን ሲያዩ «እዚህ ማን ቆፍሮ ነበር?» ይላሉ፤ ማን እንደቆፈረ ደግሞ ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። ስለዚህ «አሁን አትምጪ፤ ልባቸው ገና አልበረደም» አላት። ተመልሶም ለአባትየው «ሥራ በዝቶባት ነው» አለው። መዳቡን ሲወስድ ማንን እንደሚጎዳ አያውቅም ነበር እንበል። ይህን ሲናገር ግን የሁለቱንም ዓይን አይቶ ነው።

ክረምት ሲገባ ጡረተኛው ታመመ። አንድ እሑድ ቆፋሪው ሊጠይቀው ቢገባ ከአልጋው ወርዶ ስልኩ አጠገብ ተቀምጦ አገኘው። «ጥፋቱ የኔ ነው፤ ቢያዝም ይያዝ፣ እኔ እደውልላታለሁ» አለና የመደወያውን ቁልፍ ከአንገቱ ክር ላይ ፈታ። የስልኩን እጀታ አንስቶ ጆሮው ላይ አደረገ። ምንም ድምፅ የለም። ያን የተጋጩ ቀን ልጁ ዝም ያለችው ዝምታ መሰለው መሰለኝ፣ መደወሉን ትቶ መናገር ጀመረ። «የትምወርቅ? አለሽ? ክፉ ተናገርኩሽ ልጄ፣ ይቅር በዪኝ። ቤቱም ይሸጥ፤ እመጣለሁ። ብቻ ዝም አትበዪኝ» አለ። ጠበቀ። ብዙ ጠበቀ። ከዚያ እጀታውን ቀስ አድርጎ መለሰና ቆፋሪውን «ሰምታኛለች፤ ግን አልመለሰችልኝም» አለው።

ቆፋሪው በሩ ላይ ቆሞ ነበር። ሁሉንም ሰምቶ ወደ ቤቱ ሄደ።

በሳምንቱ ጡረተኛው ሞተ። የትምወርቅ ለቀብር መጣች። ለቀስተኛው ቀለል ሲል ቆፋሪውን ወደ ጎን ጠርታ «በመጨረሻ ስለ እኔ ያሉት ነገር አለ?» አለችው። የአባቷን ቃል ከእሱ በቀር የሰማ የለም። ቢነግራት ግን «በስልክ ከተናገሩ እኔ እንዴት አልሰማሁም?» ትለዋለች። «የለም፣ ምንም አላሉም» አላት። አንገቷን ደፍታ ወደ አገሯ ተመለሰች።

ከዚያማ ንስሐ ገባ። ለደብሩ በወርቅ ክር የተጠለፈ ትልቅ ጃንጥላ ገዝቶ አስገባ፤ እልል ተባለለት። ምነው፣ እግዚአብሔር ጃንጥላ ጎድሎበት ነበር እንዴ? የትምወርቅ ግን ዛሬም በሕይወት አለች፤ ዛሬም አባቴ ጨክነውብኝ ሞቱ እያለች ነው የምትኖረው።

አንተም እንዲሁ ነህ፣ ልጄ። ያሳሰበህ የወሰድከው ነገር ነው፤ እሱማ ይመጸወታል፣ ይተካል። ከእጅህ ያልወጣው ሰውዬው «ለምን ሆነ?» እያለ የሚፈልገው መልስ ነው። «አይጠረጥረኝም» ስትለኝ ቀለል ያለህ መሰለኝ። አዎ፣ አንተን አይጠረጥርም፤ የሚጠረጥረው ራሱን ነው። ምን አጥፍቼ ይሆን ይህ የደረሰብኝ እያለ ብቻውን ተቀምጧል። ለእግዚአብሔር እነግራለሁ ትላለህ፤ እሱማ ያውቃል! የማያውቀው ሰውዬው ነው። ሰውዬው በሕይወት አለ ወይ? አለ ካልከኝ፣ ታዲያ እኔ ጋ ምን ትሠራለህ? ተነስ፣ ሂድና ንገረው።