ከመርዶው በፊት የነበሩት ዘጠኝ ቀናት

አንዲት እናት ነበረች። ባሏ ከሞተ አራት ዓመት ሆኗታል። ሆሳዕና ከተማ ዳር፣ ጓሮው እንሰት በሆነ ጠባብ ግቢ ውስጥ ብቻዋን ትኖራለች። ያላት አንድ ልጅ ነው፤ እሱም ደቡብ አፍሪካ ነው። ነገሩ ለእናንተ አዲስ አይደለም። እዚህ ከተቀመጣችሁት መካከል ደቡብ አፍሪካ ዘመድ የሌለው ካለ እጁን ያውጣ። ይኸው፣ አንድም እጅ የለም።

ይህች እናት አንድ ሰኞ ጠዋት በሯ ላይ ተቀምጣ ጎመን ስትቀነጥስ፣ ጎረቤቷ በላይነሽ በሳህን አተካና ይዛ ገባች። አተካና ከቡላ፣ ከቅቤና ከወተት የሚሠራ ምግብ ነው። ለበዓልና ለከበረ እንግዳ ይቀርባል እንጂ ሰኞ ጠዋት ለጎረቤት ተይዞ አይኬድም።

"በላይነሽ፣ ዛሬ ምን በዓል ነው?" አለቻት።

"በዓል ካልሆነ አይበላም ያለሽ ማነው? ይልቅ ሳይቀዘቅዝ ብዪ።"

በላች። በልታ እስክትጨርስ ድረስ በላይነሽ ከአጠገቧ አልሄደችም።

ማክሰኞ አቶ ሄላሞ፣ የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌ፣ መሰላል ተሸክመው መጡና ሁለት ክረምት ሲያፈስባት የኖረውን ጣሪያ ደፈኑላት። ረቡዕ የሴቶች ኅብረት እህቶች እንሰት ሊፍቁላት ተሰብስበው መጡ። ሴቶች እንሰት ሲፍቁ ጨዋታ አይጠፋም። ማርታ የምትባለዋ፣ ጸሎት ጀምሮ ማቆም የማይችል አንድ ፓስተር እያስመሰለች ታስቃቸው ጀመር። ያ ፓስተር እኔ ነኝ። እናትየዋ እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። ከዚያ፣ ሁላችንም ብዙ ስንስቅ እንደምናደርገው፣ ዓይኗን እየጠረገች "ሳቃችንን ለደግ ያድርገው" አለች።

የሁሉም እጅ ቆመ። አሜን ያለ ሰው አልነበረም።

ወገኖቼ፣ ለምን አሜን አላሉም? ልጇ ሞቷል። እነሱ ያውቃሉ፤ እሷ አታውቅም።

ዘካርያስ ይባላል። ከዚያ ሰኞ በፊት በነበረው ቅዳሜ በሚሠራበት ከተማ መኪና ገጭቶት ሞተ። እሑድ ከሰዓት በኋላ ለአቶ ሄላሞ ተደወለላቸው። አስከሬኑ እስኪመጣ ዘጠኝ ቀን ይፈጃል ተባለ። ተሰብስበን መከርን። "ዘጠኝ ቀን ስታለቅስ ቆይታ፣ ሬሳው ሲገባ በምን አቅሟ ትቆማለች? አስከሬኑ ሳይደርስ አይነገራት" ተባባልን። የአገራችን ሥርዓት ነው፤ መርዶ ጊዜ ተመርጦለት ይነገራል። ስልኳንም "ድምፁ ይቆራረጣል፣ እናሠራልሽ" ብለን ወሰድንባት። ሌሎች አደረጉት ብዬ አላመካኝም። እኔም እዚያው ነበርሁ፤ ተስማምቻለሁ።

እሑድ ደረሰ። በምስክርነት ሰዓት ይህች እናት ተነሣች። ስሟ ታፈሰች ነው። ከዚያ በፊት ጉባኤ ፊት ቆማ አታውቅም።

"እኔ ትልቅ ምስክርነት የለኝም" አለች። "ከሞት የተረፍሁበት፣ ከበሽታ የተፈወስሁበት ነገር የለም። ግን እግዚአብሔር በዚህ ሳምንት ቤቴን ጎበኘው። ጣሪያዬ ተደፈነልኝ። ብቻዬን የበላሁበት ቀን የለም። ባሌ ከሞተ ወዲህ በቤቴ ሳቅ አልነበረም፤ በዚህ ሳምንት ሳቅሁ። እግዚአብሔር አይቶኛል። ዘካርያስ ሲደውል እነግረዋለሁ።"

ጉባኤው ሁሉ አለቀሰ። እሷ ምስክርነቷ ልባቸውን የነካው መሰላት። መዘምራኑ መዝሙር መጀመር አቃታቸው። እኔ መድረኩ ላይ ቆሜ "አሜን" አልሁ። በሠላሳ ዓመት አገልግሎቴ እንደዚያ የከበደኝ አሜን የለም።

አስከሬኑ በሚገባበት ረቡዕ ንጋት ላይ ስድስት ሆነን ሄድን። በሩን ከፈተች። ስድስት ሰው ነጠላውን አዘቅዝቆ በንጋት ደጃፍ ላይ ከቆመ፣ ምን እንደሆነ የሚጠይቅ የአገራችን ሰው የለም። "ዘካርያስ?" አለች። ደጃፏ ላይ ወደቀች።

ቀብሩ ባለፈ በሦስተኛው ቀን ድንኳኑ ውስጥ በላይነሽን ጠራቻት።

"መቼ ነው የሰማችሁት?"

በላይነሽ አቀረቀረች። "እሑድ።"

"አተካናውን ሳታመጪልኝ በፊት?"

"አዎ።"

"ልጄ ሬሳ ሆኖ እኔ ሳቅሁ። እናንተ ናችሁ ያሳቃችሁኝ። ጉባኤ ፊት ቆሜ ሳመሰግን እያያችሁ ዝም አላችሁ።"

ከዚያ ቀን ጀምሮ ከማንም እጅ እህል አልቀበልም አለች። ዕዝን ይዘው የሚመጡትን ከበር ትመልሳለች። ድንኳኑ ተነቀለ፣ ለቀስተኛው ተበተነ፣ እሷ ግን በውኃና ራሷ በምትቆላው ጭብጥ ቆሎ ሰነበተች። ሰውነቷ አለቀ። ልብ በሉልኝ፤ ሐዘን ያለ ነው፤ ሰው ከሐዘን ጋር ይኖራል። ግን የተደሰተበትን ቀን የሚጸየፍ ሰው በምን ይኖራል? ከልጇ ጋር እነዚያን ዘጠኝ ቀኖችም ቀብራ ነበር። እንዲህ ከቀጠለች ራሷም እንደምትከተል ሁላችንም እናይ ነበር።

በሦስተኛው ሳምንት ሄድሁ። ጥቅስ መራርጬ፣ የምናገረውን አሰናድቼ ነበር። እሷ ግን ቀደመችኝ።

"ፓስተር፣ እግዚአብሔር ያውቅ ነበር ወይ?"

"ያውቅ ነበር፣ እማማ ታፈሰች።"

"ከእናንተ በፊት?"

"ከእኛ በፊት።"

"እንግዲያው እሱም አብሯችሁ ደብቆኛል።"

ያሰናዳሁት ሁሉ ጠፋብኝ። ለካ በላይነሽ ተከትላኝ መጥታ በሩ ላይ ቆማለች። ግቢ ያላት የለም።

"ታፌ" አለች ከዚያው ከበሩ። "አተካናውን ያመጣሁልሽ ላሞኝሽ አልነበረም። እናቴ የወንድሜን መርዶ የሰማችው በባዶ ሆዷ ነው። ጾም ጸሎት ይዛ ሦስተኛ ቀኗ ነበር። አንድ ነገር ቅመሺ ያላት ሰው የለም። እንደ ወደቀች ቀረች። አንቺም እንዳትቀሪብኝ ፈራሁ። ለዚያ ቀን አቅም ይኑራት ብዬ ነው ያበላሁሽ።"

ታፈሰች ቀና ብላ አላየቻትም። በላይነሽ ቀጠለች።

"ደግሞስ ዘካርያስን እኔ አላዘልሁትም? ቡላውን እያማሰልሁ አለቅስ ነበር። ሳህኑን ይዤ ከአጥርሽ ውጭ እቆማለሁ። ፊቴን እጠርግና እገባለሁ።"

"በየቀኑ?"

"ዘጠኙንም ቀን።"

ታፈሰች ቀና ብላ አየቻት። "እኔ ስስቅ አንቺ ልጄን ታለቅሺልኝ ነበር" አለች። ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። እንደዚያ ዓይነት ዓይን አይቼ አላውቅም። "ፓስተር፣ እሱም እንደዚያ ነበር በሉኝ። የላከልኝ ከአጥሬ ውጭ እያለቀሰ ነው በሉኝ።"

"እንደዚያ ነበር፣ እማማ" አልኋት። ሌላ የማውቀው መልስ አልነበረኝም። ዛሬም የለኝም። በወዳጁ መቃብር ፊት ያነባ ጌታ፣ ሊያስነሣው እንደሆነ እያወቀ ያነባ ጌታ፣ ከእሷ አጥር ውጭ አልቆመም ብዬ ልነግራት አልችልም ነበር።

በላይነሽ ገብታ ዳቦ ቆርሳ ሰጠቻት። ተቀበለቻት። እያለቀሰች በላች።

ተጽናናች ብዬ አልዋሻችሁም። ልጅ የሞተበት ቤት ያውቀዋል። ግን ከአምስት ወር በኋላ በምስክርነት ሰዓት፣ ጥቁር ልብሷን እንደለበሰች ተነሣችና አንድ ነገር ብቻ ተናግራ ተቀመጠች። "ያን እሑድ የተናገርሁትን አልመልሰውም" አለች። "አይቶኝ ነበር።"

ወገኖቼ፣ እናንተስ? እግዚአብሔር ጎበኘኝ የምትሉት መቼ ነው? ቪዛ ሲመታ? ልጅ ሲመረቅ? ጎረቤት ያለ ምክንያት "ግቢና ቅመሺ" ያለቻችሁን ቀን፣ ሥራ ቦታ ጓደኛችሁ በረባ ባልረባው ያሳቃችሁን ቀን፣ ማን ላከው ብላችሁ ጠይቃችሁ ታውቃላችሁ?

ከዛፍ ሥር ወድቆ "ይብቃኝ፣ ልሙት" ያለውን ነቢይ አስቡት። መልአኩ ሲመጣ አልገሠጸውም፤ አላስተማረውም። እንጎቻ ጋግሮ ቀሰቀሰው። ነቢዩ ከፊቱ ያለውን መንገድ አያውቅም። የላከው ያውቃል። ርቀቱን የሚያውቅ አስቀድሞ ያበላል።

ከእናንተ መካከል በራሱ ላይ የሚፈርድ ሰው አለ። "አባቴ ሆስፒታል ሲያጣጥር እኔ ሠርግ ላይ እጨፍር ነበር" የምትል አለህ። "እህቴ በሞተችበት ቀን አዲስ ጫማ ገዝቼ ደስ ብሎኝ ነበር" የምትዪ አለሽ። ያ ደስታ በደል አይደለም። ስንቅ ነው። የምትሄዱበትን የሚያውቅ አባት አስቋጥሯችሁ ነው። አትጣሉት። በእሱ ነው እስከዛሬ የተራመዳችሁት።

የነገውን መርዶ አላውቅም። የማን ደጃፍ እንደሚንኳኳ አላውቅም። የእኔም ሊሆን ይችላል። እሱ ያውቃል፤ እያወቀም ዛሬ ጠዋት ፀሐይ አወጣልን፣ የሚያጎርሰን ሰው ሰጠን።

አንድ ነገር ተናዝዤ ላብቃ። ዛሬ ጠዋት ባለቤቴ ገንፎ አቀረበችልኝ። ቅቤውን መሐሉ ላይ አድርጋ፣ አጠገቤ ተቀምጣ "ትንሽ ተጫወትና ሂድ" አለችኝ። እኔ ስለ እግዚአብሔር ቸርነት ልሰብክላችሁ ስቸኩል ሳልጨርስ ተነሣሁ። ሦስት ጉርሻ ብቻ ነው የበላሁት። ፊቷንም በደንብ አላየሁትም።

ስለዚህ ዛሬ የመዝጊያው ጸሎት አጭር ነው፤ ማርታ ደስ ይበላት። ጌታ ሆይ፣ ከመንገዱ በፊት ስላበላኸን ተመስገን። አሜን። አሁን ወደ ቤቴ ልሂድ። እናንተም ወደየቤታችሁ ሂዱ፤ የሚጠብቃችሁ ሰው ካለ አጠገቡ ተቀመጡ።