የችግኝ ዘበኛው አያ ጅቦ

አንድ ጊዜ ዛፉ ተቆርጦ ባለቀበት ተራራ ሥር የምትኖር አንዲት አንካሳ አህያ ምንጩ ሊደርቅባት ሆነና እንቅልፍ አጣች። ወንዙ የሁለት ቀን መንገድ ነው፤ በዚያ እግሯ የማይታሰብ! ጠዋት ወርዳ ታየዋለች፣ ከሰዓት ወርዳ ታየዋለች፣ ውሃው ይቀንሳል እንጂ አይጨምርም። ጨነቃትና አንበሳ ዘንድ ሄዳ አለቀሰች።

አንበሳም ደቦ ጠራ። «ዛፉ ሲመለስ ውሃውም ይመለሳል። ትከሉ! ሥጋውና ገብሱ ከእኔ» አለ። የደቦው አለቃ አያ ጅቦ ሆነ። ምን ይደረግ፣ ድምፁ ትልቅ ነው!

ተተከለ፣ ተበላ፣ ሁሉም ወደየቤቱ ገባ። በዓመቱ ተራራው ያው መላጣ። እንደገና ደቦ፣ እንደገና ሥጋ። በሦስተኛው ክረምት አህያዋ ችግኝ ተሸክማ ስትወጣ ክው ብላ ቀረች።

«አያ ጅቦ፣ ይቺ እኮ የአምናዋ ጉድጓድ ናት! ችግኙ የት ገባ?»

«እኔ ምን አውቄ! ፍየል በልቶት ይሆናል።»

«ጠባቂ አላቆምክም?»

«አለቃ ነኝ እንጂ ዘበኛ ነኝ እንዴ?»

ቀበሮ ወደ ጅቦ ጠጋ ብሎ «ዝም በላት። ችግኙ ከጸደቀ ደቦው ይቀራል፤ ደቦው ከቀረ ሥጋው ይቀራል» ሲል አንሾካሾከ። ያ ሁሉ የአህያ ጆሮ ግን ለጌጥ አልተሰጠም።

እያነከሰች አንበሳ ዘንድ ሮጠች። «ጌታዬ፣ የምጠጣው ጭቃ ሆኗል። እባክዎ፣ ሥጋውን ለተተከለ አይስጡ፤ ሁለት ክረምት ለተሻገረ ችግኝ ይስጡ።»

«ይሁን» አለ አንበሳ።

ጅቦ አበደ። «ሁለት ክረምት? በሆዴ ቀልድ አለ እንዴ!» ቢጮህም ሰሚ አጣ። ከዚያ ወዲያ ዕረፍት የለም፤ ተራራውን ሲዞር ይውላል፣ መብላቱን እንኳ ረስቶ ፍየል ያባርራል፣ «ዛሬስ አደግሽ?» እያለ እያንዳንዷን ችግኝ ያስጨንቃል።

አንድ ቀን ቀበሮ መጣ። «ነቅለን ‹ደረቀ› እንበላቸው፤ አንበሳ ተስፋ ቆርጦ የድሮውን ደቦ ይመልስልናል።»

«ንካትና ሥጋው እስኪደርስ አንተን እቀምስሃለሁ!» ብሎ እስከ ሸለቆው አሯሯጠው።

ሁለት ክረምት አለፈ። ዋንዛውና ግራሩ ቀና አለ፣ ወፉ ተመለሰ፣ ጉሬዛ ብቅ አለ፣ ምንጩም ጥርት ብሎ መፍሰስ ጀመረ። አህያዋ ጠጥታ ጠጥታ በደስታ አናፋች።

ሥጋው በቀረበ ዕለት ጅቦ ሁለቴ ጎርሶ ብድግ አለ።

«ወዴት ነው?» አለው አንበሳ።

«ማን እየጠበቀልኝ ነው እዚህ የምቀመጠው? ፍየሉ ይገባል እኮ!» ብሎ ተራራውን ተያያዘው።

ከዚህ የምንማረው፣ ሽልማቱ ለተተከለው ሳይሆን ለጸደቀው ሲሆን ሆዳሙም ሳይቀር ዘበኛ እንደሚሆን ነው።