ዝናብ ያልነካው ሰዓት

አንድ ሰው ነበረ። የውሃ አባት ነበር።

መምሬ ይስማው ተረታቸውን የጀመሩት እንዲህ ብለው ነው። እታገኝ ጥያቄዬን አልሰሙትም ይሆን ብላ ተጨነቀች። እታገኝ የጤና ጣቢያው ነርስ ናት። የጠየቀቻቸውም እንዲህ ብላ ነበር፦ «አባ፣ እኔ ሰው የማላስቀይም ነበርኩ። ትናንት ግን አንዲት እናት ልጇን ታቅፋ አንድን ነገር ሦስት ጊዜ ብትጠይቀኝ ጮኽኩባት፤ አስለቀስኳት። ጠባዬ ጨርሶ ሳይበላሽ ወደ ቢሮ ሥራ ልዛወር ወይ? ማመልከቻውን ጽፌያለሁ።» መምሬ ወረቀቱን አላዩትም። «ሰምቼሻለሁ፤ ቁጭ በይ» አሏትና ቀጠሉ።

የውሃ አባት ማለት በመስኖ አገር የውሃ ተራ የሚያካፍል ሰው ነው። ከወንዝ የተጠለፈ አንድ ቦይ ነበር፤ ከቦዩ የሚጠጡ አርባ ያህል የነጭ ሽንኩርት ማሳዎች ነበሩ። ለአንዱ ማሳ ሁለት ሰዓት ይደርሰዋል። ተራው ሲያልቅ የውሃ አባት ይመጣና የአንዱን አፍ በአፈር ደፍኖ የሚቀጥለውን ይከፍታል። ቦዩ ረጅም ስለሆነ ይህ ሰው ከላይ እስከ ታች የሚወርደው በብስክሌት ነበር። ብስክሌቷም ደወል የላት፣ ጭቃ መከላከያ የላት፤ ከሩቅ የምትታወቀው በመንጓጓቷ ነው። ዘመኑ ስልክ እንዳሁኑ በየኪሱ ያልገባበት ነበር።

ድሮ ሰዓቱን የሚያውቁት ጥላ በእግር እየሰፈሩ ነው። ጥላ ግን ፀሐይ ትፈልጋለች። ሰዓት ከመገዛቱ በፊት በነበረው ዓመት በአንድ ደመናማ ቀን ሁለት አማቾች «ተራው የኔ ነው»፣ «የለም የኔ ነው» ተባብለው በአካፋ ተማቱ፤ የአንደኛው ክንድ ከዚያ ወዲያ አልታጠፈም። ስለዚህ ሕዝቡ ተሰብስቦ መከረ፤ ከየቤቱም አዋጣ። የውሃውን አባት ጠሩና «ሂድ፣ ሰዓት ግዛልን» አሉት። «ዋጋው አይጉዳን፤ ዕቃው ግን ይጠንክር። ጭቃው አለ፣ ውሃው አለ፣ የዚያች ብስክሌትህ መንገጫገጭ አለ። ብቻ ዳግመኛ ደም እንዳናይ።»

ሰውዬው መመርመር የሚወድ ሰው ነው። ወደ ከተማ ሲወርድ መንገዱን ሁሉ አንድ ነገር ሲያብሰለስል ሄደ። በግ ቢሆን ጀርባውን ዳብሶ ያውቀዋል። በሬ ቢሆን ጥርሱን ያያል። ሰዓትስ? ሰዓት የሚዳበሰው የቱ ጋ ነው? ጥንካሬው ከውጭ ይታያል ወይስ ከውስጥ? ይህን እያሰበ ሁለት ጊዜ ከብስክሌቱ ሊወድቅ ነበር።

ከተማ ገብቶ በአንድ ሱቅ በረንዳ ላይ የመስታወት ሣጥኑን ዘርግቶ የተቀመጠ ሰዓት ሠሪ አገኘ። «ጠንካራ ሰዓት የቱ ነው?» አለው። ሰዓት ሠሪው ቀና ብሎ መልሶ ጠየቀው፦ «እጅህ ቀኑን ሙሉ ምን ሲያደርግ ይውላል?»

እንዲህ ያለ ጥያቄ ተጠይቆ አያውቅም። ደስ አለው። ቁጭ ብሎ የብስክሌቱን መሪ፣ አካፋውን፣ የቦዩን ጭቃ፣ ድንጋያማውን መንገድ ዘረዘረለት። ሰዓት ሠሪው ከሣጥኑ ጥግ አንዲት ጥቁር የፕላስቲክ ሰዓት አወጣ። ማሰሪያዋ ጎማ ነው። «ቆዳ ማሰሪያ ላብና ውሃ ሲፈራረቅበት ይበሰብሳል» አለ። «ደግሞ ልብ በል፤ መሪ ስትጨብጥ እጅህ ወደ ላይ ይታጠፋል። ያን ጊዜ በጎኑ መጠምዘዣ የወጣለት ሰዓት የእጅህን ጀርባ ሲወጋህ ይውላል። የዚህች ቁልፎች ወደ ውስጥ የገቡ ናቸው። ቁጥሯ ትልቅ ነው፣ እየሄድክ ታየዋለህ። ብትጥላት ታነሣታለህ። ዋጋዋም የአንድ ዶሮ ነው።»

የውሃው አባት አሰራት። መሪውን ጨብጦ እጁን አጠፈ፤ አልወጋችውም። ቁጥሩን ከሩቅም ከቅርብም አየ። አእምሮው «ይቺው ናት» አለው። ከዚያ ግን ዓይኑን ወደ ክንዱ መለሰ፤ የሕፃን መጫወቻ መሰለችው። በአርባ አባወራ ውሃ ላይ የሚያዝ ሰው ይህን አስሮ ሲሄድ ሕዝቡ ምን ይለዋል? ከመንገዱ ማዶ ባለ መስታወት ሱቅ ውስጥ ደግሞ አንድ ወርቅ የተቀባ ሰዓት በቀይ ከፋይ ላይ ተኝቶ አየ። ተሻገረ።

«ይህ መቶ ሜትር ጥልቀት ውሃ ውስጥ ቢገባ ምንም አይሆንም» አለው ባለሱቁ።

«የኛ ቦይ ከጉልበት አያልፍም» አለ የውሃው አባት።

«እንግዲያማ ዕድሜ ልክህን ታስረዋለህ!»

የተዋጣው ገንዘብ አልበቃም፤ የጎደለውን ከራሱ ኪስ ሞልቶ ገዛው።

ሕዝቡ ሰዓቱን ሲያይ «እሰይ! የኛም ሰው እንደ ሰው ሆነ» አለ። መስታወቱ ላይ የተለጠፈች ስስ ላስቲክ ነበረች፤ አልላጣትም። እኛ መቼ አዲስ ዕቃ ልጠን እናውቃለን? ሶፋውን ከነላስቲኩ ተቀምጠንበት ላስቲኩ ሳይሆን ሶፋው ያልቃል። እሱም እንዲሁ አደረገ። መጀመሪያ ላይ ሰዓቱን በመሐረብ ጠቅልሎ ያስረው ጀመር። ቀጥሎ ኮረኮንቹ ጋ ሲደርስ መንገጫገጩን ፈርቶ ፈትቶ ደረት ኪሱ ይከተዋል። ጭቃ ሊዝቅ ሲል የግራር ቅርንጫፍ ላይ ይሰቅለዋል። ካፊያ የመጣ ቀን ደግሞ ከነካርቶኑ ቤት ትቶት ይወጣል። «የሕዝብ ዕቃ ነው፤ ቢበላሽ ምን እመልሳለሁ?» ይላል። ክፋት የለበትም፤ አደራ የጠበቀ መስሎታል።

ታዲያ ሰዓት በሌለው ቀን ተራውን በግምት ያካፍላል። ዛሬ ትንሽ ያጎድላል፣ ነገ ትንሽ ይጨምራል። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል ይባል የለ? ማጉረምረም ተጀመረ። ሰዎች አካፋቸውን ይዘው ቦዩ ዳር መቆም አበዙ። የውሃው አባት ይህን አይቶ በጣም ገረመው። «ሰዓቱ ትክክል ነው፤ ከከተማው የቤተ ክርስቲያን ሰዓት ጋር አስተያይቼዋለሁ። ጠቡ ከየት መጣ?» እያለ ያስባል። ብስክሌቱን ገፍቶ ሲሄድ ያስባል፣ ሲበላ ያስባል። ባዶ ክንዱን ግን አንድ ቀን አላየም።

ሽንኩርቱ ራስ መቋጠር በጀመረበት ሰሞን፣ አንድ ጠዋት ሰማዩ ጠቆረና ያካፋ ጀመር። ካፊያው ቅጠል ያርሳል እንጂ ሥር አያደርስም፤ ስለዚህ የቦይ ተራው አልቆመም። ከሦስት ሰዓት እስከ አምስት ሰዓት ተራው ባሏ የሞተባት የአንዲት ሴት ነበር። የውሃው አባት መጣና ሰማዩን አንጋጦ አይቶ «አምስት ሆኗል» አለ፤ ሊደፍን አካፋውን አነሣ። ጎረቤቷም ቀጣዩ ባለተራ ነውና የራሱን አፍ ሊከፍት ቀረበ።

«ገና ግማሽ ማሳዬን አላጠጣሁም» አለች ሴትዮዋ።

«ማሳሽ ቢሰፋ እኔ ምን ላድርግ? ሰዓት ሰዓት ነው!» አለ ጎረቤቷ፤ አካፋውን ከፍ አደረገ።

ያን ጊዜ ሴትዮዋ ቀሚሷን ሰብስባ ከቦዩ አፍ ላይ፣ ውሃው መካከል ቁጭ አለች። «እንግዲህ መዝጋት ከፈለጋችሁ እኔንም አብራችሁ ድፈኑኝ» አለች።

ጎረቤቷ አካፋውን እንዳነሣ ቀረ። የውሃው አባት ደነገጠ። ባለፈው ዓመት የተሰበረው ክንድ ታየው። ሴትዮዋ ከውሃው ውስጥ ቀና ብላ «እስቲ ሰዓቱን አሳየኝና በዓይኔ አይቼ ልነሣ» አለችው። እጁን አየ፤ ባዶ ነው። ማሰሪያ የነካው እጅ እንኳ አይመስልም።

«ሰዓቱ የታለ?»

«ቤት ነው» አለ፤ ድምፁ ወረደ። «ዝናብ እንዳይነካው ብዬ።»

«ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም!» አለች። «የኔ ጌታ፣ ሰዓቱን ያዋጣነውኮ ለዝናብ ቀን ነው። ለፀሐይ ቀንማ ጥላም ነበረን።»

በዚህ መካከል የትምህርት ቤቱ መምህር በመንገድ ሲያልፍ ጠሩት። መምህሩ እጅጌውን ሰብስቦ አየና «አራት ሰዓት ከሩብ» አለ። ጎረቤቷ አካፋውን አወረደ፤ አፈረ። ነገሩ ግን እዚያ አላበቃም። በዙሪያው የቆሙት ሰዎች አንድ በአንድ «ባለፈው ሐሙስ ያካፋ ጊዜስ?»፣ «ከዚያ በፊት የኔን ስትዘጋስ?» ማለት ጀመሩ። የውሃው አባት መዋሸት ይችል ነበር፤ አልዋሸም። «አላውቅም» አለ። በሕይወቱ እንደዚያ ቀን አፍሮ አያውቅም።

በማግስቱ ወርቃማውን ሰዓት ከነካርቶኑ ይዞ ወደዚያው ሰዓት ሠሪ ሄደ። ሰዓት ሠሪው አገላብጦ አየው። ላስቲኳን በጥፍሩ ላጣት፤ ከሥሯ ያለው መስታወት እንደ ተገዛበት ቀን ያበራል። ጀርባውን አየ፤ የላብ ምልክት የለበትም።

«ስንት ጊዜህ ነው ከገዛኸው?»

«ሰባት ወር ሆነኝ።»

«አዲስ ነው» አለ ሰዓት ሠሪው። «አንድም ነገር አልሆነም።»

ሌላ ቀን ቢሆን ይህ ምስጋና ነበር። ያን ቀን ግን ሰውዬው እንደ ተሰደበ ሰው አንገቱን ደፋ። ወርቃማውን ሸጠለትና ጥቁሯን ሰዓት ወሰደ። መመርመር ልማዱ ነውና ባልዲ ውሃ ለምኖ ነከራት፤ አውጥቶም በብስክሌቷ የፊት ጎማ ሹካ ላይ አሰራትና በዚያ ኮረኮንች አገሩ ድረስ እያንጓጓ አመጣት። ሲደርስ ጭቃ ለብሳለች፣ አንድ ቦታ ተጭራለች፤ ከመምህሩ ሰዓት ጋር ቢያስተያያት ግን አንድ ደቂቃ አላጓደለችም። ልቡ ሞላ። የተረፈውን ገንዘብ ለሕዝቡ መለሰ። ያዩዋት ሳቁበት፤ «የውሃ አባት መጫወቻ ገዛ» ተባለ። እሱ ግን ክንዱ ላይ አሰራት።

ያቺ ሴት ተራዋ ዳግም ሲደርስ ሰማዩ ያጉረመርም ነበር። የውሃው አባት ከብስክሌቱ ሳይወርድ በአንድ እጁ መሪውን እንደ ጨበጠ ሰዓት ያሰረበትን እጁን ወደሷ ዘረጋ። ስንት ሰዓት እንደሆነ አልነገራትም። ሰዓቷ በጭቃ ተሸፍናለች። ሴትዮዋ በአውራ ጣቷ ጠረገቻትና ራሷ አነበበች፦ «አምስት ሊሆን ሁለት ደቂቃ ይቀራል።» ሁለቱን ደቂቃ አብረው ቆሙ። ከዚያ አካፋውን አንሥታ የማሳዋን አፍ በገዛ እጇ ደፈነችው። በዚያ ቦይ ከዚያ ወዲያ ሰው በሰው ላይ አካፋ አላነሣም።

መምሬ ይስማው እዚህ ሲደርሱ ወደ እታገኝ ዞሩ።

«ልጄ፣ ጠባይሽ ውሸት ነው አላልኩሽም። የወርቁ ሰዓትም ትክክል ይቆጥር ነበር። ግን እስካሁን ታጋሽ የነበርሽው የት ነው? እናትሽ ቤት፣ ከጓደኞችሽ ጋር፣ ቅዳሴ ላይ። እዚያማ የሚገፋሽ የለም፤ የፀሐይ ቀን ነው። ትናንት ዘነበ፤ አንዲት የፈራች እናት ሦስት ጊዜ ጠየቀችሽ፤ እንደ ቦዩ ሴት እጅሽን አየች፤ ባዶ ሆነባት። አሁን ደግሞ ጠባይሽን ከነካርቶኑ ይዘሽ ቢሮ ልትገቢ ነው። ንጹሕ ሆኖ ይቀመጥልሻል፤ አልጠራጠርም። ለማን ግን?»

እታገኝ ዓይኗ እንባ አቀረረ። «አባ፣ ነገም ብጮህስ?»

«ይጫራል፤ ይጫር። ጠርገሽ ታስሪዋለሽ። ደግሞ ትልቅ ትዕግሥት አትመኚ፤ ለዓመት በዓል የሚወጣ ትዕግሥት ምን ያደርግልሻል? ትንሿን፣ ርካሿን፣ ከጠዋት እስከ ማታ ከእጅሽ የማትወልቀውን ያዢ። አንድ ጥያቄ ሦስት ጊዜ ሲጠየቅ ሦስት ጊዜ መመለስ፤ ይቺው ናት። ያችን እናት ፈልገሽ ይቅርታ ጠይቂያት።»

እታገኝ ማመልከቻውን አጣጥፋ ቦርሳዋ ከተተች። መምሬ መቋሚያቸውን ተደግፈው ተነሡና ወደ ጤና ጣቢያው አቅጣጫ አዩ። ከበሩ ውጭ ሰው ተሰልፏል፤ ሰማዩም ከብዷል።

«በይ ሂጂ» አሏት፤ «ዝናቡ መጣ።»