ኮረብታ የወጣው ጥንቸልና የረግረግ ዘፈን

ተረት ተረት ስላችሁ የላም በረት በሉኛ! አዎ፣ እንደሱ።

በአንድ ረግረግ ዳር የኳስ ሜዳ ነበር። የረግረግ ቡድን አጥቂ ጥንቸል ነው፤ እግሩ መሬት አይነካም ልጆቼ! እንቁራሪቶች ዳር ተቀምጠው «ረግረግ፣ ረግረግ!» እያሉ ሲዘፍኑለት፣ ኳሷን ይዞ ዋርካው ሥር ወዳለው ጎል ሽው ነው። ሁልጊዜ ወደዚያው።

አንድ ቀን ጥንቸል «እዚያ ሣሩ ይለመልማል» ብሎ ወደ ኮረብታ ቡድን ሄደ። ወዲያው ሁለቱ ቡድኖች ሊጋጠሙ፣ የተሸነፈውም ሜዳውን ለቆ ሊሄድ ተስማሙ። ድሮ ለረግረግ ይጫወት የነበረው አያ ዝንጀሮ ድንጋይ ላይ ጉብ ብሎ፣ «ያለ ጥንቸል ምን ቡድን አለ? እንቁራሪቶቹም ቤታቸው ይቀመጡ» አለ። ወይ ጉድ! ያደገበትን ሜዳ እኮ ነው።

ጎረምሶቹ እንቁራሪቶች በግነው «ጥንቸልን ስንሰድበው እንዋል!» አሉ።

እመት እንቁራሪት ግን «ተዉት። እኛ ድሮም የምንዘፍነው ለሜዳችን ነው። ጉሮሯችን እስኪዘጋ እንዘፍናለን» አለች።

ዘፈኑ። ጨዋታው ባዶ ለባዶ ሊያልቅ ሲል ጥንቸል ኳሷን አገኘ። «ረግረግ፣ ረግረግ!» ሲባል ሰማና እግሩ እንደ ልማዱ ወደ ዋርካው ሽው አለ። ኮረብታዎች «ኧረ የራሳችን ጎል ነው!» ቢሉ ማን ሰምቷቸው! መታ፤ ገባ።

አያ ዝንጀሮም ድንጋዩ ላይ ቆሞ ቀስ ብሎ «ረግረግ» አለ።

እመት እንቁራሪት ዞር ብላ፣ «ከፍ አድርገው እንጂ፣ አያ ዝንጀሮ» አለችው።

በሉ ተረቴን መልሱና ዳቦዬን አምጡ።